አንድሬያ ማንቴኛ፦ በመኖሪያ ክፍል ጣሪያ ላይ ሰማይን የከፈተ ሠዓሊ

መግቢያ

የጣሪያ ሥዕል ሲነሣ አስቀድሞ በሐሳብ የሚመጣው ቤተ አምልኮ ነው። ሥዕሉ ሰው በሚተኛበትና እንግዳ በሚቀበልበት ክፍል ኮርኒስ ላይ ሲሆን ግን ሌላ ጥያቄ ያስከትላል። የመኖሪያ ክፍል ጠባብ ነው፤ ጣሪያው ለዓይን ቅርብ ነው፤ በየዕለቱም ይታያል። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን ግርማ የሚሰጠው ብዛት በመኖሪያ ክፍል ውስጥ ጭንቀት ሊሆን ይችላል። ይህ አጭር ጽሑፍ በአሥራ አምስተኛው ምዕት ዓመት ለዚህ ችግር ዘላቂ መልስ የሰጠውን የጣሊያናዊውን ሠዓሊ የአንድሬያ ማንቴኛን ሕይወት ይመለከታል። የማንቴኛ ጣሪያ ኃይል የመነጨው ከጌጡ ብዛት ሳይሆን ከቁጥብነቱና ከተመልካቹ መቆሚያ ተነሥቶ ከመሠራቱ መሆኑን ለማሳየትም ይሞክራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ከፓዱዋ እስከ ማንቱዋ

ማንቴኛ በ1431 ገደማ በሰሜን ጣሊያን፣ በፓዱዋ ከተማ አቅራቢያ፣ ከአናጢ አባት ተወለደ። ገና በልጅነቱ ፍራንቼስኮ ስኳርቾኔ ወደተባለ ሠዓሊ ቤት ገባ፤ ስኳርቾኔም በማደጎ ልጅነት ተቀበለው። ይህ ሰው የጥንት ቅርጻ ቅርጾችን እየሰበሰበ ተማሪዎቹን በእነርሱ ያለማምድ ስለነበር፣ ማንቴኛን ዕድሜ ልኩን ያልተለየው የጥንታዊት ሮም ፍቅር በዚያ ቤት ተተከለ። ይሁን እንጂ ልጅነቱ ያለ ክፍያ ሠራተኛነትም ነበር። ማንቴኛ በ17 ዓመቱ ከአሳዳጊው ተለየ፤ ክርክሩም ወደ ቬኒስ ዳኞች ደርሶ፣ ቀድሞ የተፈረመው ስምምነት ለአካለ መጠን ሳይደርስ የተደረገ ነው በሚል በ1456 ፈረሰ።

በእነዚህ ዓመታት በፓዱዋ ኤሬሚታኒ ቤተ ክርስቲያን በኦቬታሪ ጸሎት ቤት ግድግዳዎች ላይ ይሠራ ነበር። የቅዱስ ያዕቆብን ወደ ሞት መወሰድ ሲሥል የትዕይንቱን ወለል ከተመልካቹ ዓይን በላይ አደረገው፤ በዚህም ምክንያት ሰዎቹና ሕንፃዎቹ ከታች ወደ ላይ እንደሚታዩ ሆነው ተሣሉ። የኋለኛው የጣሪያ ሥዕሉ ፍሬ ነገር እዚህ ግድግዳ ላይ ተጀምሯል ማለት ይቻላል። አብዛኛው የዚህ ሥራ ክፍል መጋቢት 11 ቀን 1944 በአየር ድብደባ ጠፍቷል። በ1453 የቬኒሱን ሠዓሊ የያኮፖ ቤሊኒን ልጅ ኒኮሎዚያን አገባ፤ በዚህም በርቀት እይታ ስሌት ከሚታወቅ የሠዓሊዎች ቤተ ሰብ ጋር ተዛመደ።

የማንቱዋ ገዢ ሉዶቪኮ ጎንዛጋ ለዓመታት ሲለማመጠው ቆይቶ በ1458 ግልጽ ውል አቀረበለት፦ በወር 15 ዱካት፣ መኖሪያ ቤት፣ ለ6 ሰው የሚበቃ ስንዴና የማገዶ እንጨት። ማንቴኛ በ1460 ወደ ማንቱዋ ተዛወረ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም በዚያ ቤተ መንግሥት ተቀጣሪነት ኖረ።

ሥዕላዊው ክፍል

ዋነኛ ሥራው የሚገኘው በሳን ጆርጆ ምሽግ ማማ ውስጥ ነው። ክፍሉ በየጎኑ 8 ሜትር ያህል የሆነ፣ ሁለት መስኮቶች ብቻ ያሉት፣ አራት ማዕዘን ነው። ገዢው ይተኛበትም እንግዳ ይቀበልበትም ነበር። በአንደኛው መስኮት ወፍራም ግድግዳ ላይ የተጻፈው የሰኔ 16 ቀን 1465 ዕለት የሥራው መጀመሪያ እንደሆነ ይታመናል፤ ፍጻሜው 1474 ነው። በእርጥብ ልስን ላይ የሚሣለውን ፍሬስኮ በደረቅ ልስን ላይ ከሚሣለው ዘዴ ጋር አቀላቅሎ በመሥራቱ እጁ ሳይቸኩል ዘጠኝ ዓመት ፈጅቷል።

ሠዓሊው የገጠመው ችግር የሕንፃ ችግር ነበር። ጣሪያው ጉብታው አነስተኛ የሆነ ቅስት ነው፤ ባዶውን ቢተው ክፍሉን ይጫነዋል። ማንቴኛ በመጀመሪያ በቅስቱ ላይ የድንጋይ ማገሮችን በቀለም ዘረጋ። በማገሮቹ መካከል፣ ወርቃማ ሞዛይክ በሚመስል መደብ ላይ፣ የስምንት የሮም ቄሣሮችን ምስል ከድንጋይ የተቀረጸ አስመስሎ አኖረ። ከዚያ በታች የኦርፌዎስን፣ የአሪዮንንና የሄርኩለስን ታሪኮች ሣለ። ጥላና ብርሃኑም ከክፍሉ እውነተኛ መስኮቶች ጋር እንዲስማማ አደረገ። በዚህ መንገድ ዓይን ቀለሙን እንደ ግንባታ እንዲያምን አስቀድሞ ተዘጋጀ።

እምነቱ ከተገነባ በኋላ በቅስቱ መካከል አንድ ክብ ቀዳዳ ከፈተ። ቀዳዳው በመደገፊያ አጥር የተከበበ ነው፤ ከአጥሩ ባሻገር ደመና ያለበት ሰማይ ይታያል። ሴቶች ወደ ታች እየተመለከቱ ፈገግ ይላሉ፤ ከእነርሱም መካከል ጥምጥም ያደረገች ጥቁር ሴት አለች። ክንፍ ያላቸው ሕፃናት በአጥሩ ጠርዝ ቆመው ጀርባቸውንና እግራቸውን ያሳያሉ፤ አንድ ጣዎስም አለ። በአንድ ቀጭን እንጨት ላይ ብቻ የተደገፈ የተክል ገንዳ ደግሞ በተመልካቹ ራስ ላይ ሊወድቅ የተቃረበ ይመስላል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛው ልኩ ነው፤ ሰማዩ የጣሪያውን ጥቂት ክፍል ብቻ ይይዛል። ቀሪው ጠንካራ ድንጋይ መስሎ ባይከበው ኖሮ ክፍተቱ ክፍተት አይሆንም ነበር። ሁለተኛው የእይታው መገለባበጥ ነው። ግድግዳው ላይ ሉዶቪኮ፣ ሚስቱ ባርባራና ቤተ ሰባቸው በክብር ይታያሉ፤ ጣሪያው ላይ ግን የሚታየው ተመልካቹ ራሱ ነው። ገዢም ሆነ እንግዳ ከላይ ከሚሣለቁት ዓይኖች አያመልጥም። የቤተ መንግሥትን ክብር በሚያውጅ ክፍል ውስጥ ይህ ጨዋታ መፈቀዱ፣ ክፍሉ የመኖሪያም ስፍራ እንደነበር ያስታውሳል።

የሠዓሊው የራሱ ቤት

ለሌላ ሰው ጠባብ ክፍል ሰማይን የከፈተው ማንቴኛ በ1476 በማንቱዋ የራሱን ቤት መገንባት ጀመረ። የቤቱ ዕቅድም ያንኑ ሐሳብ ይደግማል፦ በአራት ማዕዘን ግንብ መካከል ወደ ሰማይ የተከፈተ ክብ ግቢ። ነገር ግን ደመወዙ በየጊዜው ይዘገይ ስለነበር በብዙ ደብዳቤዎች አቤት ብሏል። ሦስት ተከታታይ ገዢዎችን አገለገለ፤ ከ1488 እስከ 1490 በሮም ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት ስምንተኛ የሠራው ጸሎት ቤት በ1780 ፈርሷል። በእርጅናው ቤቱን ለጎንዛጋዎች ለቀቀ። በ1506 በዕዳ ተጨንቆ እጅግ የሚወደውን የፋውስቲናን ጥንታዊ የእብነ በረድ ምስል ለኢዛቤላ ዴስቴ ሸጠ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መስከረም 13 ቀን አረፈ።

ማጠቃለያ

ከማንቴኛ በኋላ ኮሬጆ በፓርማ ካቴድራል ጉልላት፣ ጁልዮ ሮማኖ እዚያው ማንቱዋ በፓላዞ ቴ፣ ቆይቶም ቲዬፖሎ በቩርዝቡርግ ቤተ መንግሥት የተከፈተ ሰማይን አስፍተው ሣሉ። ስፋቱ በጨመረ መጠን ግን የክፍሉ ወሰን እየጠፋ ሄደ። የማንቱዋው ክፍል ለውስጥ ቤት ንድፍ ጥናት ያለው ዋጋ ከዚህ ይለያል፤ ወሰኑን ሳይክድ ወሰኑን ተጠቅሟል። የጣሪያውን ቅርጽ፣ የብርሃኑን ምንጭና የነዋሪውን መቆሚያ አስቀድሞ ያጠና ሠዓሊ፣ ትንሽ ክበብ ብቻ በመክፈት አንድን የምሽግ ክፍል መለወጥ ችሏል። ሠዓሊው ቤቱንም ውድ ንብረቱንም አጥቶ ቢሞትም፣ በሌላ ሰው ቤት የከፈተው መስኮት አልተዘጋም።