አርተር ፐርዲ ስታውት እና የቃጫማ ዕጢዎች ልየታ

ከቆዳ ሥር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያደገ ጠጣር እባጭ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በመከፋፈል ላይ ባሉ ሕዋሳት የተሞላ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህ ገጽታ የሳርኮማ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በራሱ ጊዜ ማደጉን የሚያቆም፣ አደገኛ ያልሆነ ዕጢ ምልክትም ሊሆን ይችላል። ልየታው ከተሳሳተ ታማሚው ያለ በቂ ምክንያት እጁን ወይም እግሩን ሊያጣ፣ አለዚያም ሕይወቱን ሊያድን የሚችለው ሕክምና ሊዘገይበት ይችላል። ይህን ልየታ ሥርዓት ለማስያዝ ከደከሙት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ አሜሪካዊው ፓቶሎጂስት አርተር ፐርዲ ስታውት ናቸው።

ስታውት በ1885 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተገለጹ ናቸው)። በ1907 ከየል ዩኒቨርሲቲ፣ በ1912 ደግሞ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅ ተመረቁ። በመጀመሪያ የሠለጠኑት በቀዶ ሕክምና ሲሆን፣ ኋላ በኮሎምቢያ የቀዶ ሕክምና ፓቶሎጂ ቤተ ሙከራን መርተዋል። ይህ የሙያ መነሻቸው የሕብረ ሕዋስን ናሙና ከታማሚው ዕጣ ፈንታ ሳይነጥሉ እንዲመለከቱ ረድቷቸዋል። ሂዩማን ካንሰር የተሰኘው መጽሐፋቸው በ1932 ታተመ።

በዘመኑ ዋነኛው ክርክር የዕጢዎች መነሻ ሕዋስ የትኛው ነው የሚል ነበር። ስታውት ከሥነ ሕይወት ተመራማሪዋ ማርጋሬት መሪ ጋር በመሆን የዕጢ ቁራጮችን በቤተ ሙከራ ማሳደግ ያዙ። በ1940 ባወጡት ጥናት የነርቭ ሽፋን ዕጢ ሕዋሳት አስተዳደግ ከፋይብሮብላስት ይልቅ የሽዋን ሕዋስን እንደሚመስል አሳዩ። በ1942 ሄማንጂዮፐሪሳይቶማ ብለው የሰየሙትን ዕጢ ገለጹ፤ በዚያው ዓመትም በሳንባ ሽፋን ላይ ለብቻው የሚበቅለውን ዕጢ መነሻ ከሜሶቴልየም ሕዋሳት ጋር አያያዙ።

ስታውት በ1948 ፋይብሮሳርኮማን፣ በ1954 ደግሞ የሕፃናትና የወጣቶችን ፋይብሮማቶሲስ የሚመለከቱ ጥናቶች አሳተሙ። የልየታው ፍሬ ነገር በዕጢው የኑሮ ጠባይ ላይ የተመሠረተ ነው። ፋይብሮማቶሲስ አጠገቡ ወዳለው ጡንቻ ሰርጎ ሊገባና ከተወገደም በኋላ እዚያው ሊያገረሽ ይችላል፤ ሆኖም እንደ ፋይብሮሳርኮማ ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍሎች አይሠራጭም። ኖዱላር ፋሲአይቲስን ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች በ1955 ከገለጹት በኋላ፣ ስታውት በ1961 በሕፃናት ላይ የሚታየውን ዓይነት አጥንተዋል። በዚህ ዕጢ የሕዋሳት መከፋፈል ብዙ ቢሆንም የክፍፍሉ ቅርጽ መደበኛ ነው፤ ዕጢው በአብዛኛው ትንሽ ሲሆን የሚታየውም በአጭር ጊዜ ውስጥ ነው። በመሆኑም የክፍፍሉ ብዛት ብቻውን ለካንሰርነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

በ1953 የታተመው የለስላሳ ሕብረ ሕዋስ ዕጢዎች መጽሐፋቸው ለፓቶሎጂስቶች መሠረታዊ ማጣቀሻ ሆነ። ከራፋኤል ላተስ ጋር ያዘጋጁት አዲሱ እትም የወጣው ስታውት ባረፉበት በ1967 ነበር። በ1947 የተመሠረተው የቀዶ ሕክምና ፓቶሎጂስቶች ማኅበርም በስማቸው ይጠራል።

በመነሻ ሕዋስ ላይ ከሰጧቸው ድምዳሜዎች ብዙዎቹ በጊዜ ሂደት ተሽረዋል። የሳንባ ሽፋኑ ዕጢ ከሜሶቴልየም የሚነሳ አለመሆኑ ታወቀ። በ1942 ለየብቻ ከተገለጹት ዕጢዎች አብዛኞቹ ዛሬ ሶሊተሪ ፋይብረስ ቲዩመር በሚል አንድ ስም ይጠቃለላሉ፤ በ2013 የወጡ ጥናቶችም የሁለት ዘረ መሎች፣ የናብ 2 እና የስታት 6፣ ውህደት የጋራ መለያቸው መሆኑን አረጋግጠዋል። በኖዱላር ፋሲአይቲስ ውስጥም የዩኤስፒ 6 ዘረ መል መቀናጀት በ2011 መገኘቱ፣ እንደ ካንሰር ያልተቆጠረው ይህ እባጭ በእርግጥ ዕጢ መሆኑን አሳይቷል። ያም ሆኖ ዛሬ የዘረ መል ምርመራ የሚታዘዘው በማይክሮስኮፕ የታየው ገጽታና የታማሚው ታሪክ ጥርጣሬ ሲያጭሩ ነው። ስታውት ያወጧቸው ስሞች ቢለወጡም፣ ሁለቱን አጣምሮ የማየት ልማዳቸው ግን እስካሁን የልየታው መነሻ ሆኖ ዘልቋል።