ራስ አባተ ቧያለው፡ ስማቸው ከሆሳዕና ከተማ ምሥረታ ጋር የሚነሳ የጦር መሪ

ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሆሳዕና የሀዲያ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከ2015 ዓ.ም ወዲህም የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ነች። የከተማዋ አመሠራረት ሲወሳ የራስ አባተ ቧያለው ስም አብሮ ይነሳል።

ራስ አባተ በታሪክ ጎልተው የታዩት በአድዋ ዘመቻ ነው። በወቅቱ ሊቀ መኳስ ነበሩ፤ ይህም በጦር ሜዳ የንጉሠ ነገሥቱን ልብስ ለብሶ የጠላትን ዓይን ወደ ራስ የመሳብ ኃላፊነት ያለበት ማዕረግ ነው። በ1888 ዓ.ም ከበጅሮንድ ባልቻ ጋር የመድፈኛውን ጦር መርተዋል። በመቀሌው ምሽግ ከበባ ወቅት ያሳዩት የአነጣጠር ችሎታም እስከ ዛሬ ይወሳል።

ከድሉ በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ የከምባታን ግዛት እንዲያስተዳድሩ ሾሟቸው። የሀዲያ ምድርም በዚሁ ግዛት ሥር ይተዳደር ነበር። በአካባቢው እንደሚነገረው፣ ራስ አባተ የአካባቢው ሕዝብ ዋቸሞ ብሎ ወደሚጠራው ስፍራ የገቡት በሆሳዕና በዓል ዕለት በመሆኑ የከተማዋ ስም ከዚያ ተወሰደ።

በዘመኑ ከተማ ማለት የጦር ሰፈር ማለት ነበር። ቃሉም ከተመ፣ ማለትም ሰፈረ ከሚለው የመጣ ነው። የገዥው ግቢ ለጥበቃ እንዲያመች ከፍ ባለ ቦታ ይተከላል፤ ቤተ ክርስቲያንና የሹማምንት ሰፈር ይከተላሉ። መሬቱ ለሠራዊቱ ሲደለደል ነባሩ ገበሬ ገባር ሆነ። በእንዲህ ዓይነቱ ከተማ ሰፋሪውና ነባሩ ሕዝብ በየሳምንቱ ፊት ለፊት የሚገናኙበት ስፍራ ገበያው ነበር።

ራስ አባተ በሹመታቸው ረግተው አልኖሩም። በ1902 ዓ.ም መባቻ ወደ ሰሜን ዘምተው ደጃዝማች አብርሃ አርአያን ኮረም ላይ ድል አደረጉ። ከራስ ተሰማ ናደው ሞት በኋላ በ1903 ዓ.ም በመዲናዋ ሥልጣን ለመያዝ ያደረጉት ሙከራ ግን ከሸፈ፤ ቆይተውም መቅደላ ላይ ታሰሩ። ከእስር ወጥተው በጥቅምት 1909 ዓ.ም በሰገሌ ጦርነት ከሸዋ መኳንንት ወገን ተሰለፉ። ከዚያም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ።

የመረጡት ስፍራ ግን ከእርሳቸው ሹመትና ከሥርዓቱ በላይ ዕድሜ አገኘ። በ1967 ዓ.ም የገጠርና የከተማ ቦታ አዋጆች ሲወጡ የገባር ሥርዓቱ ቅሪት አከተመ፤ የከተማ ቦታም የመንግሥት ሆነ። የከተማዋን ቦታ ማን ይጠቀምበት የሚለው ጥያቄም ከዚያ ወዲህ ለከተማ አስተዳደሩ የተተወ ሥራ ነው።

ዛሬ የሀዲያ ሕዝብ የዘመን መለወጫውን ያሆዴን በየዓመቱ መስከረም ወር በአደባባይ ያከብራል። የአብዮ ኤርሳሞ ስታዲየም የከተማዋን ነዋሪና እንግዳ በአንድነት ያስተናግዳል። የቀድሞው ስምም አልጠፋም፤ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ይዞት ቀጥሏል። በጎረቤት ከምባታም የመሳላ በዓል ሕዝቡን ያሰባስባል፤ 777 ደረጃዎች የተሠሩለት የሀምበሪቾ ተራራም ጎብኚዎችን ይስባል።

ለጥበቃ ተብሎ የተመረጠው ስፍራ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎት የሕዝብ መገናኛ ሆኗል። የራስ አባተ ታሪክ ለዛሬ የከተማ ሹማምንት የሚያሳየውም ይህንኑ ነው፤ ሹመት ያልፋል፣ ለገበያ፣ ለአደባባይና ለሜዳ የተተወ ቦታ ግን ለተከታዩ ትውልድ ይተርፋል።