የሐይቁ አባ ኢየሱስ ሞዓ

በአምባሰል አገር አጠገብ ሐይቅ የሚባል ውሃ አለ። በዚያ ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም ዛሬ ከየብስ ጋራ ተያይዟል፤ ቀድሞ ግን ደሴት ነበረ።

አባ ኢየሱስ ሞዓ የተወለዱት በዳህና ነው። ወደ ደብረ ዳሞ ሄደው በአባ ዮሐኒ ዘንድ መነኰሱ፤ በዚያም መጻሕፍትን ይጽፉ ነበር። በ1240 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሐይቅ መጥተው ማስተማር ጀመሩ። ከሩቅ አገር ብዙ ተማሪዎች መጡ፤ ከሸዋ የመጡት አቡነ ተክለ ሃይማኖት አንዱ ናቸው።

ልጄ ሆይ፤ ብዙ ሰው በአንድ ቅጥር ሲያነብ ባልንጀራውን እንዳያውክ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ይገባዋል። ነገር ግን ማንሾካሾክ ሌላ ነው፥ ማልጎምጎም ሌላ ነው። እጅህን በጕሮሮህ ላይ አድርገህ ብታንሾካሽክ ጕሮሮህ አይንቀጠቀጥም፤ ከንፈርህና ምላስህ ግን ይሠራሉ፥ ስለዚህ ለቀረበ ሰው ቃሉ ይሰማል። (ለሐሜት የሚያንሾካሹክ ሰው ግን ክፉ ነው።) የሚያልጎመጉም ሰው ጕሮሮው ይንቀጠቀጣል፥ ከንፈሩና ምላሱ ግን ሰነፎች ናቸው፤ ድምፁ እስከ ደጅ ይሰማል፥ ቃሉ ከጥርሱ አያልፍም።

ከመጽሐፍ የሚቀዳ ሰውም ቃሉን በአፉ ይዞ ወደ ብራናው ያወርዳል። በአፉ ካልጎመጎመ በብራናው ላይ ፊደል ይጥላል፤ ከእርሱ የሚቀዱ ሁሉ ጉድለቱን ይወርሳሉ። በዚያን ዘመን ማተሚያ አልነበረምና አንድ ፊደል ከጠፋ ማን ይመልሰው ነበር?

አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ገደማ አራቱን ወንጌል በብራና ለገዳሙ ሰጡ። እርሳቸው በ1280ዎቹ ዓ.ም. አረፉ፤ መጽሐፉ ግን እስከ ዘመናችን ደርሷል።