አበበ ቢቂላ

ሻምበል አበበ ቢቂላ (ነሐሴ 1 ቀን 1924 – ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.) የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ በማሸነፍ ከዓለም የመጀመሪያው የሆነ ኢትዮጵያዊ ሯጭ ነበር። ከቀዶ ሕክምናና ከከባድ አደጋ በኋላ ወደ ስፖርት በመመለሱም ይታወቃል።

የተወለደው በሸዋ ጃቶ በሚባል መንደር ነው። የክብር ዘበኛ ወታደር ሳለ በስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ሥር ሠለጠነ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ።

ቀዶ ሕክምናና ቶኪዮ

የቶኪዮ ማራቶን 40 ቀን ያህል ሲቀረው በደብረ ዘይት ልምምድ ላይ ሕመም ተሰማው። ችሎት ለመሮጥ ቢሞክርም ወደቀ። ሐኪሞች ሕመሙ ትርፍ አንጀት መሆኑን ደርሰውበት ቀዶ ሕክምና አደረጉለት። ጥቂት ካገገመ በኋላ ልምምድ ጀመረ፤ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በመግባት አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ። ሁለተኛ የወጣውን ከ4 ደቂቃ በላይ ቀድሞት ነበር። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ግን በእግሩ ጉዳት ምክንያት አቋርጦ ወጣ፤ ድሉ የማሞ ወልዴ ሆነ።

አደጋና ማገገም

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገለበጠች፤ እስኪነጋም ውስጧ ተይዞ አደረ። ኅብለ ሰረሰሩ በመጎዳቱ በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል 8 ወር ታከመ። መጀመሪያ ላይ ራሱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ቀስ በቀስ እጆቹ ዳኑ፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

በዚህ ሆስፒታል ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን ስፖርትን የሕክምና አካል አድርጎት ነበር። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ራሱን የሚገፋውም ከአልጋ የሚነሳውም በክንዱና በትከሻው ኃይል ነው፤ ስለዚህ የትከሻን መጋጠሚያ አቅፈው የሚይዙት ጡንቻዎችና ጅማቶች በቀላሉ ይጎዳሉ። ቀስት ውርወራ የላይኛውን አካል ስለሚያጠነክር በሆስፒታሉ ከተመረጡት ስፖርቶች አንዱ ነበር። አበበም በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ መንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ።

በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሎምፒክ የክብር እንግዳ ነበር። ከአደጋው ጋር በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ ሲያርፍ በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። በከተማው በስሙ የተሰየመ ስታዲየም አለ።