ሙቀትን ከወለል ሥር የቀበረው ሰው

ራዲያተር ሲባል ለአብዛኞቻችን ቶሎ የሚመጣልን የመኪናው ነው። የአዲስ አበባን ብርድ በጋቢ ወይም በከሰል ምድጃ እንገፋዋለን። በረዶ በሚጥልበት አገር ግን አዲስ ቤት ሲሠራ የማሞቂያው ቧንቧ በየት በኩል ይለፍ የሚለው ጥያቄ እንደ ጣሪያና እንደ ግድግዳ ይታሰብበታል። አንድ ቦታ ላይ የሞቀ ውኃ በቧንቧ ወደየክፍሉ ይሄዳል፣ መስኮት ሥር የቆመውን የብረት ራዲያተር ያሞቃል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ይህ ለጋዜጠኝነት ተማሪ ምኑ ነው ትሉ ይሆናል። ትንሽ ታገሱኝ፤ ታሪኩ ውስጥ ጋዜጠኛም አለበት።

ፍራንክ ሎይድ ራይት እ.ኤ.አ. ሰኔ 8 ቀን 1867 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ተወለደ። አባቱ ሰባኪና ሙዚቀኛ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሳይመረቅ ወጣና በ1887 ወደ ቺካጎ ሄደ። እዚያ በታዋቂው አርክቴክት በሉዊስ ሱሊቫን ሥር ተቀጠረ። ነገር ግን ደመወዙ አልበቃ ብሎት በድብቅ ለሌሎች ሰዎች ቤት ሲነድፍ ተገኘና በ1893 ከሥራው ወጣ። ከዚያ በኋላ የራሱን ቢሮ ከፍቶ ስሙ እየገነነ ሄደ።

ሰውዬው እንከን አልነበረውም ማለት አይቻልም። በ1909 ሚስቱንና ስድስት ልጆቹን ጥሎ ማማህ ቦርትዊክ ከተባለች የደንበኛው ሚስት ጋር ወደ አውሮፓ ሄደ። ጋዜጦች ጉድ አሉ። በ1914 ደግሞ እሱ ቺካጎ ሥራ ላይ እያለ፣ ታሊየሰን በተባለው የዊስኮንሲን ቤቱ አንድ አገልጋይ እሳት ለኩሶ ማማህንና ሁለት ልጆቿን ጨምሮ 7 ሰዎች ገደለ። ራይት የተቃጠለውን ቤት መልሶ ሠራው።

ቀጥሎ ኢምፔሪያል ሆቴልን ለመሥራት ወደ ጃፓን አቀና። የወለሉ ነገር የሚጀምረው እዚህ ነው። በአንድ የክረምት ምሽት ቶኪዮ ውስጥ አንድ ባለጸጋ ቤት እራት ተጋብዞ በብርድ ሲንቀጠቀጥ ቆየ። ከእራት በኋላ በኮሪያ ባህል ወደተሠራ ክፍል ወሰዱት። ክፍሉ ውስጥ ምድጃም ራዲያተርም አይታይም፣ ግን ሰውነቱን ሞቀው። ኮሪያውያን ከጥንት ጀምሮ የእሳቱን ጭስና ትኩሳት ከወለሉ ሥር ባለ ቦይ ያሳልፉታል። ራይት ይህን አልረሳም። በሆቴሉ መታጠቢያ ክፍሎች ወለል ሥር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አስቀበረ።

እንግዲህ ጋዜጠኛው መጣ። በ1936 ሜዲሰን ከተማ ውስጥ የአንድ ጋዜጣ ሪፖርተር የሆነው ኸርበርት ጄኮብስና ባለቤቱ ካትሪን ራይት ዘንድ ሄደው በ5,000 ዶላር ደህና ቤት ሊሠራልን ትችላለህ ወይ ብለው ጠየቁት። ራይት ያኔ ዕድሜው ወደ 70 ነበር፣ የሀብታም ቤት ነዳፊ ተብሎም ይታወቃል። ቢሆንም እሺ አለ። ቤቱ በ1937 ሲያልቅ የእሱን 450 ዶላር ጨምሮ የፈጀው 5,500 ዶላር ነው።

ዋጋው የወረደው ብዙ ነገር በመቀነሱ ነው። ሙሉ ምድር ቤት የለም፣ ጋራዥ የለም፣ ራዲያተርም የለም። መሬቱ ላይ ጠጠር ተነጠፈ፣ ቧንቧ ተዘረጋ፣ በላዩ አርማታ ተሞላ። አርማታው ሲሞቅ ሙቀቱ ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። ግድግዳው ከራዲያተር ነጻ ስለሆነ መስኮቱ እስከ ወለል ወረደ። ጎብኚ ስለበዛባቸው ባልና ሚስቱ መግቢያ እስከማስከፈል ደረሱ።

ሐሳቡ ሲባዛ ግን ችግሩም ተባዛ። ከ1947 ጀምሮ ኒውዮርክ አጠገብ በሌቪታውን ከ17,000 በላይ ርካሽ ቤቶች ሲሠሩ የመዳብ ቧንቧ አርማታው ውስጥ ተቀበረ። ከዓመታት በኋላ በብዙ ቤቶች ቧንቧው ማፍሰስ ጀመረ። የተቀበረ ቧንቧ ሲያፈስ ምርጫው ሁለት ነው፦ ወይ ወለሉን መስበር፣ ወይ እሱን ትቶ በግድግዳው ሥር አዲስ መስመር መዘርጋት። ብዙዎቹ ሁለተኛውን መረጡ፤ ማለትም ራዲያተሩ ተመልሶ መጣ። ዛሬ በአዲስ ቤቶች ወለል ውስጥ የሚገባው በአብዛኛው መጋጠሚያ የሌለው አንድ ወጥ የፕላስቲክ ቧንቧ ነው። አርማታ ከመሞላቱ በፊትም በግፊት ይፈተሻል።

ራይት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 9 ቀን 1959 በ91 ዓመቱ አረፈ። የጄኮብስ ቤት በ2019 ከሌሎች 7 ሥራዎቹ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ጄኮብስም በኋላ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት ሲያስተምር፣ የሰልፍ ሕዝብን ቦታውን በካሬ ከፋፍሎ የሚገምት ዘዴ አወጣ። ጋዜጠኞች ዛሬም ይሠሩበታል።

እኔን የገረመኝ የጥያቄው ቀላልነት ነው። አንድ ሪፖርተር ዋጋ ቆርጦ ጠየቀ፣ አንድ ታላቅ ሰውም መልስ ለመስጠት ተገደደ። ከሌቪታውን ደግሞ ሌላ ትምህርት ወስጃለሁ። ቧንቧም ይሁን ስህተት የሚቀብር ሰው ነገ የሚቆፍረውን ሰው ማሰብ አለበት።