ሁለተኛዋ ምልክት ያልመጣችለት ደብዳቤ

ከደባርቅ ተነስቶ ራስ ዳሽን ሊወጣ ያሰበ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ አምቢኮ ያድራል። እኔም አድሬያለሁ። ማታ ኔትወርክ ብልጭ ሲልልኝ በቴሌግራም ለሥራ ባልደረባዬ መልእክት ላክሁ። አንድ ምልክት አገኘች፤ ሁለተኛዋ ግን አልመጣችም። አላነበበውም? አንብቦ ዝም ብሎ ቢሆንስ? እያልኩ ስገላበጥ አፄ ቴዎድሮስ ትዝ አሉኝ።

የነገሡት እዚሁ ሰሜን ውስጥ ነው። የቋራው ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው፣ ውቤ ራሳቸው ባሠሯት ደረስጌ ማርያም፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በአቡነ ሰላማ እጅ ዘውድ ጫኑ።

እኔና ባልደረባዬ ለተራራ አስጎብኚዎች መተግበሪያ እየሠራን ነበር። የተጨቃጨቅነው መረጃው በጄሰን ይላክ ወይስ በፕሮቶበፍ በሚል ነው። ጄሰን ከፍተው የሚያነቡት ጽሑፍ ነው፤ ግን በእያንዳንዱ ሰው መዝገብ ላይ ስም፣ ስልክ፣ ቀበሌ የሚሉትን መጠሪያዎች ይደጋግማል። ፕሮቶበፍ በመጠሪያው ፈንታ ቁጥር ያስቀምጣል፤ ይቀላል፣ ግን ዝርዝሩ ሳይያዝ ምን እንደሚል አይታወቅም። ለእኛ ፊደል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በዩቲኤፍ-8 አንድ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ቴዎድሮስ የሚለው ስም 15 ባይት ነው፤ ፕሮቶበፍም ይህን አይቀንሰውም። ጄሰኑ ፊደሉን በኮድ ቁጥር እየቀየረ ከጻፈው ደግሞ 30 ይሆናል። በኤስኤምኤስም እንደዚያው ነው፤ በላቲን 160 የሚይዘው መልእክት በአማርኛ 70 ላይ ያበቃል።

ንጉሡም የሚጽፉበትን መምረጥ ነበረባቸው። ከእሳቸው በፊት የነገሥታት ዜና መዋዕል የሚጻፈው በግዕዝ ነበር። የእሳቸውን ደብተራ ዘነብ በአማርኛ ጻፉት፤ ደብዳቤዎቻቸውም በአማርኛ ሆኑ። እኔ ይህን ከጦርነቶቻቸው ብዙዎቹ አስበልጬ አየዋለሁ።

በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤም በአማርኛ ነው። ወዳጅነት ይጠይቃል፤ መልእክተኞች ልኬ ቱርኮች መንገድ ቢዘጉብኝስ ብሎም ይጨነቃል። ለቆንስሉ ካሜሮን ሰጡት። ካሜሮን ግን ደብዳቤውን በሰው እጅ ወደ ምጽዋ ሰደደና እሱ ወደ ቦጎስና ወደ ሱዳን ዞረ። ደብዳቤው ከጥቂት ወራት በኋላ ለንደን ገባ። እዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀመጠ። መልስ የለም።

ቲሲፒ የሚባለው ፕሮቶኮል ለዚህ ዓይነቱ ነገር መላ አለው። የተላከ ቁራጭ ሁሉ ደረሰኝ የሚል ምላሽ ይጠበቅበታል፤ ምላሹ በጊዜው ካልመጣ እንደገና ይላካል። ዩዲፒ ልኮ ይረሳል፤ ለድምፅና ለቪዲዮ ጥሩ ነው፣ ለንጉሥ ደብዳቤ ግን አይሆንም። ድረ ገጽ እንኳ የጠየቃችሁትን ሲያጣ 404 ይላችኋል። እምቢታም መልስ ነው እኮ! ንጉሡ ግን ደብዳቤው ጠፋ፣ ዘገየ ወይስ ተናቀ የሚለውን የሚለዩበት መንገድ አልነበራቸውም። ከአንድ ዓመት በላይ ጠበቁና ተንቄያለሁ ብለው ደመደሙ። በ1856 ዓ.ም. ካሜሮንን አሰሩት፤ ሚስዮናውያንም ተጨመሩ። በዚህ አልከላከልላቸውም። መልስ ስላጣ መልእክተኛን በሰንሰለት ማሰር ግፍ ነው፤ ለራሳቸውም አልበጀም።

መልሱን የያዘው ራሳም ፊታቸው የቀረበው ጥር 1858 ነው፤ ደብዳቤው ከተጻፈ ከሦስት ዓመት በላይ አልፎ። መጀመሪያ በክብር ተቀበሉት። ቆይተው እሱንም አሰሩት። ቀጥሎ የመጣው በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ጦር ነው። መቅደላ ላይ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ እጅ አልሰጥም ብለው በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ሽጉጡ የንግሥቲቱ ስጦታ እንደነበር ይተረካል።

የእኔ መልእክት በማግስቱ ሁለተኛ ምልክቷን አገኘች። ባልደረባዬ ተኝቶ ነበር። ደባርቅ ስንገናኝ በጄሰን እንዲሆን ተስማማን፤ ግማሽ ቀን የፈጀብን ግን አምቢኮ ላይ ምላሽ ሲጠፋ ስልኩ ስንት ጊዜ ይሞክር የሚለው ነው።