ቤድሮስ ቦያጅያንና ከሰው ጀርባ ያለው አገር

ዳግማዊ ምኒልክን፣ ንግሥት ዘውዲቱንና አልጋ ወራሽ ተፈሪን በመልክ የምናውቃቸው በፎቶግራፍ ነው። ይህን ከአቆዩልን ሰዎች አንዱ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን ናቸው። (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ከ1894 እስከ 1896 በኦቶማን መንግሥት ውስጥ በአርመን ሕዝብ ላይ በደረሰው እልቂት ብዙዎች ተሰደዱ። ከእነዚህም የእጅ ሙያ ያላቸው ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በቤተ መንግሥት ተቀባይነት አገኙ። ቤድሮስ አዲስ አበባ የገቡት በ1905 ሲሆን ከተማይቱ ከተቆረቆረች ገና ሃያ ዓመት አልሞላትም ነበር። ብዙም ሳይቆዩ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ። ምኒልክ በ1913 ሲያርፉ፣ በ1916ም ዘውዲቱ ሲነግሡ፣ ሥልጣኑ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ፤ የቤድሮስ ሙያ ግን አልተቋረጠም። በ1928 ሲሞቱ ልጃቸው ሀይጋዝ፣ ከእርሱም በኋላ ሌላው ልጃቸው ቶርኮም ሥራውን ተረከቡ።

የዚያ ዘመን ሙያ ቀላል አልነበረም። የኤሌክትሪክ ብርሃን እንደ ልብ ባለመገኘቱ ብዙው ሥዕል የሚነሣው ከቤት ውጭ ነበር። ካሜራው ትልቅ ሣጥን፣ ፊልሙም የመስተዋት ሰሌዳ ነው። የሌንሱ ቀዳዳ ሰፍቶ ሲከፈት ፊት ጠርቶ ከኋላ ያለው ይደበዝዛል። ሲጠብ ግን ቅርቡም ሩቁም ይጠራል፤ ነገር ግን ብርሃኑ የሚገባው በጥቂት በጥቂቱ ስለሆነ ባለመልኩ ሳይንቀሳቀስ መቆየት አለበት። በአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ደግሞ ከአናት ላይ ስለምትወርድ ዐይን ጥላ ይውጠዋል። የጧትና የማታ ብርሃን ግን ከጎን መጥቶ ጉንጭንና ግንባርን ይለያል፤ ፊትም እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ መሆኑ ይቀራል።

ከዘመኑ የቀሩትን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፎች ያየ ሰው ጥልቀት እንዴት እንደሚገኝ ይማራል። ከፊት ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ቀጥሎ መኳንንቱ ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው አጃቢው ቆሟል፤ ከአጃቢው ጀርባ ቤትና ዛፍ ይታያል። ዐይን ከአንዱ ወደ ሌላው ደረጃ በደረጃ ይገባል። ሩቅ ያለው ተራራም በአየሩ ጭጋግ ስለሚገረጣ ርቀቱን ራሱ ይናገራል። እንጦጦን ከካዛንቺስ የሚያይ ሰው ይህን ያውቃል።

ዛሬ ከጌቶቹ መልክ ይልቅ የምንመረምረው ብዙ ጊዜ ይህንኑ ከኋላ ያለውን ነው፦ የአጥሩን ዐይነት፣ የቤቱን ክዳን፣ ስሙ ያልተጻፈውን አሽከር። ፎቶግራፍ አንሺው ለባለ ሥልጣን ሠራ፤ ትርፉ ግን ለሕዝብ ደረሰ።

ነገሩ የእኛም ነው። ከምኒልክ ግቢ በታች ያለው ካዛንቺስ ስሙን የወረሰው በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ነው። በ2024 ብዙው አሮጌ ቤት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ ሰፈር ተነሣ። የበሩ ቅርጽ፣ የጉልቱ ቦታ፣ የመንገዱ መታጠፊያ አሁን የሚገኘው ምናልባት በአንድ የሠርግ ወይም የምረቃ ፎቶግራፍ ጀርባ ነው። የእጃችን ስልክ ግን ለውበት ሲል ያንን ጀርባ በራሱ ያደበዝዛል።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለምረቃ በቂርቆስም ሆነ በሌላ ሰፈር ስንነሣ ጓደኛችንን ከግድግዳ ላይ አንለጥፈው፤ ጥቂት እርምጃ ወደ ፊት እናምጣው። ጧት በሁለትና በሦስት ሰዓት መካከል፣ ብርሃኑን ከጎን አድርገን፣ ሰፈሩም እንዲታወቅ አድርገን እናንሣው። የሰውየውን ስም ዘመዶቹ ያስታውሱታል፤ የቆመበትን ቦታ ግን ከፎቶግራፉ በቀር የሚያስታውስለት ላይኖር ይችላል።